ኮንትራቱን ከመፈረምሽ በፊት

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለእህቴ ለራሂማ ሱሌማን፤
ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እታለም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ? ባለፈው ጁምዓ «ትንሽ ነው የሚያመኝ» ስትይ ትንሽ እንዳልሆነ ከድምፅሽ ገብቶኛል፤ እኔን ለማታለል አትድከሚ። እንቅልፍስ ትጠግቢያለሽ? ምሳሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ አሁንም እንደቆምሽ ነው የምትጎርሺው? ማዳሟስ ስልክሽን ሳምንቱን ሙሉ መቆለፏን ተወች? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም፤ መልሱን በእውነት ማወቅ ስለምፈልግ ነው። በየሶላቴ ከአላህ የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር በጤናሽ እንዲያገናኘን ነው።

እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ክረምቱ ይዟቸዋል፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስንላቸው «ዝናቡ ሲያቆም እሱም ያቆማል» ብለው ይመልሱናል። እማዬ ደህና ናት፣ ከሁላችንም በላይ ደህና ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ከሐርቡ ኮምቦልቻ ይሰማል። ልጅሽ ዘሃራ አድጋለች። ስለ እሷ ብዙ የምነግርሽ አለኝና ትንሽ ታገሺኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት መሙላቴ እንዳይገርምሽ። አንቺ ጁምዓ ስትደውዪ እማዬ ድምፁን ለቃ ስልኩን መሀል ላይ ታስቀምጠዋለች። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ውሃ ልትቀዳ የምታልፈው ሴት ሳትቀር ትሰበሰባለች። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ አይዞሽ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? አሁን ግን እዚያው ጅዳ የምትሠራው የጀማሉዲን ባለቤት ለዕረፍት እዚህ ደሴ መጥታ ሐሙስ ትመለሳለች፤ በእጅሽ አደርሳለሁ ብላኛለች። በርበሬውንና በሶውን እማዬ ናት ያዘጋጀችው፣ ከሐርቡ ተሸክሜ አምጥቼዋለሁ። ደብዳቤው ግን የእኔና የአንቺ ብቻ ነው። በርበሬው ውስጥ የደበቅሁት ለዚህ ነውና ስታነቢው ቢያስነጥስሽ አውፍ በይኝ።

ዋናውን ነገር ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ኮንትራቱን አታድሺ። ባለፈው ጁምዓ ለእማዬ «የዊዳድ ድጋፍ ከተቋረጠ ምን ይደረጋል፣ ከመውሊድ በኋላ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ» ስትያት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እማዬ አለቀሰች፤ ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልኝ ብሏል። ምክንያቱም ድጋፉን ማንም አላቋረጠብኝም፤ በገዛ እጄ ነው ያጎደልኩት። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ ስደቢኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ኮሌጅ ፋርማሲ ልማር ስገባ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ደረሰኝ ብዬ ስነግርሽ በስልክ እልል ብለሽ ማዳሟን አስደንግጠሻት ነበር። አባባ ከቀበሌ የገቢ ማስረጃ ለማምጣት ሦስት ቀን የተመላለሱበት ድጋፍ ነው። የኮርስ ክፍያዬን ከፍሎ ለዚች ለቧንቧ ውሃ ሰፈሯ ክፍሌ ኪራይ ይተርፍ ነበር። አንቺ የምትልኪልኝ ለምግቤ ብቻ ነበር፤ የቀረው ለዘሃራና ለቤት ይውል ነበር።

ታዲያ የካቲት ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሐርቡ ሄጄ እያለሁ ደወልሽ። እማዬ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትልሽ «ዊዳድ እስክትጨርስ ነው እንጂ እኔስ አንድ ቀንም አላድር» አልሽ። ሳቅሽ፤ እማዬም ሳቀች። እኔ ግን ቃልሽን ይዤ አደርኩ። እኔ እስክጨርስ! ለካ አንቺን እዚያ ያሰረችሽ ማዳሟ ሳትሆን እኔ ነኝ አልኩ። በማግስቱ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ጥቂት ኮርስ ከያዝኩ ክፍያዬ ያንሳል። ግማሽ ቀን ደግሞ እሠራለሁ። እንዲህ ከሆነ ራሂማ ለእኔ መላክ ታቆማለች፤ መላክ ካቆመች ትመጣለች። ወላሂ ራሴን እንዴት እንዳደነቅሁት ብታዪ! ደሴ እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ ስል ረዳቱ «እህት፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ።

ምዝገባ ላይ ጓደኞቼ አምስት አምስት ኮርስ፣ አሥራ አምስት ክሬዲት አወር ሲይዙ እኔ ሁለት ኮርስ፣ ስድስት ክሬዲት አወር ያዝኩ። ሬጅስትራር ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። እንደ ሀብታም ልጅ አንገቴን ቀጥ አድርጌ «አዎ» አልኳት። ማንንም አላማከርኩም፣ ክፍል የምትጋራኝን እስከዳርን እንኳ። እስከዳርን በስልክ ሰላም ብለሻታል፤ የደሴ ዙሪያው የቄስ ገብረ ማርያም ልጅ ናት። ረመዳን ሙሉ እኔ ሳፈጥር የምትፈልገው ሳምቡሳውን ነው፤ እሷ በበኩሏ ሁዳዴ ይዛ ስለነበር ድንች ያለበትን ብቻ እየለየች ትበላ ነበር። ሁለት ጿሚ በአንድ ክፍል! ስነግራት «አብደሻል?» እንደምትለኝ ስለማውቅ ሳልነግራት ቆየሁ።

ኮሌጁ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ያዝኩ። ከምሳ በኋላ እስከ መግሪብ። ጣቴ በቀለም ጠቁሮ ሲታይ የመካኒክ እጅ ይመስል ነበር፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ቆሜ በሠራሁ ቁጥር አንቺን አንድ ቀን ያቀረብኩሽ ይመስለኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የድጋፉ ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜን ፈልጌ አገኘሁት፤ ግማሽ። የሌሎቹ ሙሉ፣ የእኔ ግማሽ። ከታች «ቅሬታ ያለው ተማሪ በአሥር ቀን ውስጥ ይቅረብ» ይላል። እታለም፣ እኔ አልቀረብኩም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ያየኝ ሰው «ይቺማ ደመወዝ አላት» ብሎ የነገረብኝ መሰለኝና አፈርኩ። ደግሞ የእኛን ቤት ታውቂው የለ? የሰጠን ሰው ፊት ቆሞ «ለምን አነሰ?» ማለት ነውር ነው ተብለን አይደለም ወይ ያደግነው? አባባ እኮ ጎረቤት ግማሽ ቁና ሲሰጣቸው ስንት ነው ብለው አይተውት አያውቁም፣ ዱዓ አድርገው ተቀብለው ወደ ቤት ያስገባሉ። እኔም እንደዚያው ዱዓ አድርጌ ተቀበልኩ። አሥሩ ቀን አለፈ፤ ሃያውም አለፈ።

እውነቱን ያወቅሁት እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ነው። አንድ አዲስ ተማሪ የድጋፉን ቅጽ ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጊልኝ አለኝ። የራሴን ቅጽ በሞላሁ ጊዜ ጀርባውን ገልብጬም አላየሁት። አሁን ስገለብጠው እንዲህ ይላል፦ አሥራ ሁለት ክሬዲት አወርና ከዚያ በላይ ለያዘ ሙሉ፣ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ለያዘ ግማሽ፣ ከስድስት በታች ለያዘ የለም። ልጁ «ምነው እህቴ፣ ማሽኑ ተበላሸ?» እስኪለኝ ድረስ ደርቄ ቀረሁ። «የተበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ማታውን ለእስከዳር ነገርኳት። ያሰብኩትን «አብደሻል?» አለችኝ፣ ሦስት ጊዜ አለችኝ፣ ከዚያ በማግስቱ እጄን ጎትታ የድጋፉ ኃላፊ አቶ ወርቅአፈራሁ ቢሮ አስገባችኝ። አቶ ወርቅአፈራሁ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ፋይሌን አወጡ፣ አዩት፣ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ችግርሽ መቼ ቀነሰ? የቀነሰው ትምህርትሽ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ትምህርቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው» አሉኝ። በአሥሩ ቀን ውስጥ ብመጣ ኖሮ ኮርስ መጨመር ይቻል ነበር፤ ድጋፌም እንደገና ይሰላ ነበር። ለምን እንዳልመጣሁ ሲጠይቁኝ «ስጦታ አነሰ አይባልም ብዬ ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «ስጦታ አይደለም እኮ። እንድትማሪ የተመደበልሽ ነው። ባትጠይቂኝ እኔ ነኝ የምቀየምሽ» አሉኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው መሰሉሽ! እኔ ግን በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው የባሰው ሌላ ነበር። ኮርስ ስቀንስ የኮርሱ ክፍያ ቀነሰ፣ እሺ። የቤት ኪራዩ ግን ተከራይዋ ግማሽ ተማሪ ሆነች ብሎ አይቀንስም። ሆዴም ለግማሽ ተማሪ ግማሽ ይበቃኛል አይልም። ሁሉም ቢቀር ደግሞ ጊዜው አለ፤ በዚህ አያያዝ የቀረኝ ሁለት ዓመት አራትና አምስት ይሆናል። «ዊዳድ እስክትጨርስ» ያልሽው ቀን፣ ላቀርበው ብዬ በእጥፍ ገፋሁት። አለቀስኩ። እስከዳር አጠገቤ ተቀምጣ «ከእንግዲህ ስታስቢ ጮክ ብለሽ አስቢ፣ እኔም ልስማው» አለችኝ።

ለዓረፋ ሐርቡ ስወርድ ለአባባ ነገርኳቸው። ሽንኩርቱ ዘንድ የመስኖ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ለግማሽ ማሳ እኮ ግማሽ ውሃ ነው የሚለቀቀው። አባትሽን አንድ ቃል ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ማሳውን አሳንሺ ያለሽ ማነው?» አሉኝ። «ራሂማ ቶሎ እንድትመጣ ብዬ ነው» አልኳቸው። አካፋቸውን ይዘው ወደ ቦዩ ሄዱ፤ ውሃው ሳይደርስ ቦዩን ሲጠርጉ፣ ሲጠርጉ ቆዩ። አባባን ሲያለቅሱ አይተሽ የምታውቂ ከሆነ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደሆነ ታውቂያለሽ። እማዬ ግን ከወሬው ግማሹን ብቻ ነው ያገኘችው፤ ድጋፌ መጉደሉን ሰማች፣ ለምን እንደጎደለ አልሰማችም። እሱኑ ነው ለአንቺ የነገረችሽ።

አሁን የተደረገውን ስሚ። የያዝኳቸውን ሁለት ኮርሶች በጥሩ ውጤት ጨረስኩ። በፎቶ ኮፒው ገንዘብ ክረምት ላይ ሌላ ሁለት ወሰድኩ፤ ፈተናዬን ያለፈው ሐሙስ ጨረስኩ። ከጓደኞቼ የቀረሁት በአንዲት ኮርስ ብቻ ነው። ለጥቅምት አሥራ አምስት ክሬዲት አወር ተመዝግቤያለሁ። አቶ ወርቅአፈራሁ ዘንድ ሄጄ ሙሉ ድጋፍ እንደሚሰጠኝ በደብዳቤ ተቀብያለሁ። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጬ አነበብኩት፣ ሦስት ጥያቄም ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ከእንግዲህ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሱ ለምግቤ ያወጣኛል።

ስለዚህ እታለም፣ በእኔ ምክንያት የምትጨምሪው ሁለት ዓመት የለም። አንድም ወር የለም። አንቺ ብትመጪ ቤት ውስጥ ይጠብ ይሆናል፤ አልዋሽሽም፣ ይጠባል። የአባባ ሽንኩርት አንድ ዓመት ያበላል፣ አንድ ዓመት ያስርባል። ግን አንድ ላይ ሆነን ይጥበበን። እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካው ሴቶች ይቀጥራል ይላሉ፤ ጠይቄያለሁ፣ አሁንማ መጠየቅ ለምጄያለሁ። ካልሆነም ሌላ እናገኛለን። አብሽሪ፣ አይዞሽ።

ናፍቀሽኛል። ይህን በስልክ ስለው «እኔም» ትይኛለሽ፣ ያበቃል። በወረቀት ላይ ግን አላሳጥረውም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ በቀየርኩ ቁጥር፣ የሄድሽ ቀን በጥድፊያ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርገሽ እንደሄድሽ ትዝ ይለኛል፤ የአንቺ ትልቅ ጫማ እየወለቀብኝ እስከ ሐርቡ እያለቀስኩ ሄድኩ። ስታበጥሪኝ ጸጉሬን እስክጮህ ትጎትቺው የነበረው ናፍቆኛል። ስድብሽ ናፍቆኛል። እኔ የጠጣሁበትን ኩባያ ሳታጥቢ ቀምተሽ መጠጣትሽ ናፍቆኛል። ሰው ሳቅሽን በስልክ ሲሰማው «ማሻአላህ፣ ደስተኛ ናት» ይላል። እኔ ግን ያን ሳቅ አላውቀውም፤ የአንቺ ሳቅ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ነበር። እዚያ ማን አስተማረሽ እንዲያ መሳቅ?

አሁን ሰላምታውን ላድርስ። እማዬ ሰላም ትልሻለች፤ በሶውን በማር አድርገሽ ብዪ፣ ወገብሽን በዘይት ታሺ ብላለች። አባባ ሰላም ይሉሻል፤ «ዱዓዬ አይለያትም በያት» ነው ያሉኝ። እስከዳር ሰላም ትልሻለች፤ ስትመጪ ከእኔ ቀድማ መናኸሪያ እንደምትገኝ ዝታለች። ቄስ ገብረ ማርያምም ስለ አንቺ ጠይቀዋል፣ በጸሎታቸው እንደማይረሱሽ ንገሪልኝ ብለውኛል። ጎረቤቱ ሁሉ በየስሙ ሰላም ብሎሻል፤ ወረቀቱ ስለማይበቃኝ በጅምላ ተቀበይልኝ።

ዘሃራን ለመጨረሻ ያቆየኋት ሆን ብዬ ነው። ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት ወሰድኳት። ያቺ ትተሻት ስትሄጂ ገና አራት ዓመት ያልሞላት፣ አባቷ ሀፊዝ አላህ ይዘንለትና በትከሻው ይዟት ይዞር የነበረችው፣ አሁን ቦርሳ ካልተገዛልኝ ብላ ታኮርፋለች። መምህሯ ቅጹን ዘርግታ የተማሪ ስም አለች፤ ዘሃራ ራሷ ተናገረች። የአባት ስም፤ «ሀፊዝ» አለች። የእናት ስም ስትባል ቀና ብላ አየችኝና «ዊዳድ» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። «እናትሽ ራሂማ አይደለችም ወይ ዘሃራ?» አልኳት። ምንም ሳይመስላት «ራሂማማ ስልክ ውስጥ ያለችዋ ናት» አለች። መምህሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ሁለታችንን ታየናለች፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ልጅቷን አትቆጪያት፤ ምን አጠፋች? ያየችውን ነው የተናገረችው። ስምሽን ራሴ አስጻፍኩት፣ ራሂማ ሱሌማን፣ ሁለት ጊዜ ፊደሉን እየነገርኩ። መምህሯም «መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር እናቷ ትቅረብ» አለች። ሩቅ ናት አላልኩም። ሥራ ላይ ናት አላልኩም። ዘሃራ እየሰማች «እሺ፣ እናቷ ይዛት ትመጣለች» ብዬ ፈርሜ ወጥቻለሁ።

የምትሳሳልሽ ታናሽሽ
ዊዳድ ሱሌማን

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.